ሲግናል ላይ «የጋራ ጓደኞች» የለም፤ የድሮ ጎረቤቶችን በምን እናገናኝ?

ቱሉዲምቱ_ነዋሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ሰፈር ሰዎች ነበርን፤ አሁን ገሚሱ ቱሉ ዲምቱ፣ ገሚሱ ኮዬ ፈጬ፣ ገሚሱ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ዕድሩ ግን አልፈረሰም። ሐዘን ሲደርስ ቶሎ እንድንሰማ ሁሉም ሲግናል የሚባለውን የመልእክት መተግበሪያ ይጫን ተብሏል። ፌስቡክ ላይ እንደለመድነው የጋራ ጓደኛ የሚያሳይ ነገር ፈልጌ አጣሁ፤ ስም ጽፌ ስፈልግም ምንም አይመጣም። በተለይ እናቶች ስልክ ቁጥራቸው ለማያውቁት ሰው እንዲደርስ አይፈልጉም፣ እውነታቸውን ነው። ቁጥር ሳይበተን ሰዉን ማገናኘት የሚቻለው እንዴት ነው?

ብሎክ_ሠላሳ፦
ያጣኸው ስለሌለ ነው። የጋራ ጓደኛ ለማሳየት ሰርቨሩ ያንተንም የሌላውንም የጓደኛ ዝርዝር ይዞ ማስተያየት አለበት። ሲግናል ያንን ዝርዝር እንዳይዝ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ በስም መፈለጊያ ማውጫም የለውም። ቀረብ የሚለው ነገር የጋራ ግሩፕ ነው። የማታውቀው ሰው ሲጽፍልህ ከስሙ ሥር አብራችሁ ያላችሁበት ግሩፕ ይታያል፤ ከሌለም እንደሌለ ይነግርሃል። «ይኼ ሰው የኛ ነው ወይስ እንግዳ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሻለው መልስ እሱ ነው። ተቀበል፣ አጥፋ ወይም አግድ የሚለውን እስክትመርጥ ድረስም ጸሐፊው መልእክቱን ማንበብህን አያውቅም።

ከግሩፑ በፊት ግን እያንዳንዱ ስልክ ላይ የሚስተካከል አለ። ሴቲንግ፣ ከዚያ ፕራይቬሲ፣ ከዚያ ፎን ነምበር ግባ። እዚያ ሁለት ጥያቄ አለ። ቁጥሬን ማን ይየው የሚለው ካልነካኸው ለማንም ዝግ ነው፤ እንደዚያው ተወው። በቁጥሬ ማን ያግኘኝ የሚለው ደግሞ ካልነካኸው ለሁሉም ክፍት ነው። ሰዉ የሚምታታበት እዚህ ላይ ነው፦ ሁለተኛውን የዘጋ ሰው ቁጥሩን ለሚፈልገው ሲግናል የሌለው መስሎ ይታያል። ስለዚህ መጀመሪያ ተገናኙ፣ ከዚያ ዝጉ። ቁጥራችሁን አስቀድሞ ስልኩ ላይ የመዘገበ ሰው ግን የቱንም ብትዘጉ ያየዋል፤ የራሱ መዝገብ ነውና።

የስልክ_ጥገና፦
ቁጥር ሳይሰጡ ለመገናኘት ዩዘርኔም (በቁጥር ፈንታ የሚሰጥ መለያ ስም) ያውጡ። ከ2024 ጀምሮ አለ፤ መተግበሪያው የቆየ ከሆነ አይመጣም፣ መጀመሪያ አፕዴት አድርጉ። ፕሮፋይል ውስጥ ነው የሚወጣው። በላቲን ፊደል ብቻ ይጻፋል፤ መጨረሻው ነጥብና ቢያንስ 2 አኃዝ ነው። ፈላጊው አኃዙን ጨምሮ አንድም ሳይዛነፍ መጻፍ አለበት፤ በግማሽ ስም ፍለጋ የለም። ለእናቶች በቃል መንገር አድካሚ ነው፣ እዚያው ያለውን ኪውአር ኮድ ወይም ሊንክ መላክ ይቀላል። ዩዘርኔሙ መገናኛ ብቻ ነው፤ ቻት ላይ የሚታየው የፕሮፋይል ስም ነው፣ እሱን በአማርኛ ጻፉት።

አንድ ነገር አደራ። ሁለት ሰው ልታስተዋውቅ ብለህ ከስልክህ «ኮንታክት» አያይዘህ አትላክ! የሚሄደው ስልክ ቁጥሩ ነው፤ ሁሉን ዘግተው የቆዩት በዚያች አንዲት መላክ ይጋለጣሉ። ባለቤቷን አስፈቅደህ የዩዘርኔሟን ሊንክ ላክ።

ከኮዬ፦
የቁጥር አጻጻፍም ያሳስታል። ሲም ካርዱ የቴሌም ሆነ የሳፋሪኮም፣ 09 ወይም 07 ብሎ መመዝገብ በኢትዮጵያ ቁጥር ሲግናል ለከፈተ ሰው ይሠራል። ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችሁ ግን በዚያው አገር ቁጥር ከከፈቱ 09ን እንደዚያ አገር ቁጥር ያነበዋል፣ አያገኛችሁም። ዜሮውን አንስተው ፕላስ 251 ብለው ይመዝግቡ፤ ከዚያ አዲስ ቻት የሚለው ገጽ ላይ ሪፍሬሽ ያድርጉ።

ቱሉዲምቱ_ነዋሪ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የግሩፑ ሊንክ በሰው በሰው ሲዞር የማናውቀው እጅ ቢገባስ?

ብሎክ_ሠላሳ፦
ይገባል፤ ገብቶም እንዳይጎዳ ማድረግ ነው። ግሩፕ ሊንክን ስትከፍት ከሥሩ አዲስ አባል በአድሚን ይጽደቅ የሚል አለ፣ አብራው። ከዚያ ሊንኩን ያገኘ ሁሉ በር ላይ ይቆማል፣ አይገባም። አንድ አድሚን ብቻ አታድርጉ፤ መብራት ሲጠፋና ስልኩ ሲዘጋ ሰው ውጭ ይቀራል። ከየኮንዶሚኒየሙ አንድ አንድ፣ በጠቅላላው 3 ይበቃሉ፤ ሁሉም የሚያጸድቀው በድምፅ የሚያውቀውን ብቻ ይሁን። ስምና ፎቶ ማስረጃ አይሆንም፣ ማንም የእማማን ፎቶ ለጥፎ መምጣት ይችላል። ደውለህ «የድሮ ቤትዎ ከማን ቤት ጎን ነበር?» ብለህ ጠይቅ። ግሩፑ እስከ 1000 ሰው ስለሚይዝ ቦታ አያሳስብህም።

የስልክ_ጥገና፦
ለገንዘብ ያዡ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመር። የዕድር ብር በቴሌብር የሚልኩለት ሰው እሱ ራሱ መሆኑን በአካል ሲገናኙ አረጋግጡ፦ ቻቱን ከፍታችሁ ስሙን ነክታችሁ ሴፍቲ ነምበር (የሁለታችሁ ቻት ማረጋገጫ ቁጥር) ግቡ። 60 አኃዝ ነው፣ በአምስት በአምስት ተከፍሎ ይታያል፤ ማንበብ አያስፈልግም፣ አንዱ የሌላውን ኪውአር ያንሳ። ስልክ ከቀየረ ወይም ሲግናልን አጥፍቶ እንደገና ከጫነ ሴፍቲ ነምበሩ ሊለወጥና ማስታወቂያ ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ ብር ከመላካችሁ በፊት ደውሉለት።

ሊንኩ በጣም ከተበተነ ግሩፕ ሊንክ ውስጥ ሪሴት በሉት፤ አሮጌው ይሞታል፣ የገቡት አባላት አይነኩም። በወረቀት አትማችሁ የለጠፋችሁት ኪውአር ካለ ግን እሱም አብሮ ስለሚሞት አዲሱን ለጥፉ።