ሻይ ለደም ማነስ ይጎዳል እንዴ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት ሁለት ብርጭቆ ሻይ ሳንጠጣ ከቤት አንወጣም። ቀረፋና ቅርንፉድ ገብቶበት ሲንተከተክ ሽታው ብቻ ያነቃል። እናቴ ግን ደም ማነስ አለባትና ጎረቤት ሁሉ «ሻይ ተዪ» እያላት ነው። እውነት ይጎዳታል?

የመንዝ ልጅ፦ አትከልክላት፣ ሰዓቱን ብቻ ቀይሩት። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ከእንጀራውና ከሽሮው የምታገኘውን አይረን (ደም ለመሥራት የሚያስፈልገውን ማዕድን) ሰውነቷ በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋል። ስለዚህ ከበላች በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ትቆይ። ከምግቡ ጋር ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣ ብትበላ ደግሞ ቫይታሚን ሲው ያግዛታል። የአይረን ኪኒን ከታዘዘላትም በውሃ ትዋጠው፣ በሻይ በፍጹም!

አንኮበሬዋ፦ ለማታ የጦስኝ ሻይ ሞክሩ። ካፌይን የለውም፣ እንቅልፍ አይነሳም። አያቴ ከደጋው ለቅማ ጥላ ላይ ታደርቀው ነበር፤ ጉንፋን ሲይዘን በማር ትሰጠናለች፣ የማንቆርቆሪያው ክዳን ሲነሳ ቤቱ በሙሉ ያውዳል። እስካሁን ያ ሽታ ሲመጣብኝ ሆዴ ይባባል።

ከደብረ ሲና፦ ስኳሩንም እዩት እንጂ። በብርጭቆ ሦስት ማንኪያ፣ በቀን አራት ብርጭቆ፣ 12 ማንኪያ ማለት እኮ ነው። እኔ ቀስ በቀስ ወደ አንድ አወረድኩት። የቅጠሉን ጣዕም የለየሁት ገና አሁን ነው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ምሳ 6 ሰዓት በላን፣ ሻዩን 8 ሰዓት ጣድኩላት። ደስ ብሏት ጠጣች። ጦስኝ ነገ ከገበያ እገዛለሁ።