ክርክር፦ ፕሌቶ ዋናውን ትምህርት ሳይጽፍ አስቀርቷል?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኸው። የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ ፕሌቶ የሚያምንበት ነገር እነዚያ የጻፋቸው ምልልሶች (መምህሩ ሶቅራጥስ ከሌሎች ጋር የሚነጋገርባቸው ድርሰቶች) ውስጥ አለ? ወይስ ዋናውን ለቅርብ ተማሪዎቹ በቃል ነው የነገራቸው? ሁለተኛውን አጥብቀው የያዙት የጀርመኗ ቱቢንገን ምሁራን ናቸው። ሃንስ ክሬመር እ.ኤ.አ. በ1959፣ ኮንራድ ጋይዘር በ1963 መጽሐፍ አውጥተውበታል። ስድብ አልፈልግም፣ ማስረጃ ይዛችሁ ግቡ።

ቀበና ሰፈር፦ አስቀርቷል እንጂ! ራሱ ነው የነገረን። ፋይድሮስ የሚባለውን ምልልስ ክፈቱ። ቴውት የሚባል የግብፅ አምላክ ፊደልን ፈልስፎ ንጉሥ ታሙስ ዘንድ ይዞ ይመጣል፣ ለማስታወስ መድኃኒት ነው እያለ። ንጉሡ ደግሞ ሰው በጽሑፍ ተመክቶ ይረሳል ብሎ ኩም ያደርገዋል። ከዚያ ሶቅራጥስ ይቀጥላል፦ ጽሑፍ ብትጠይቀው ያንኑ ከመድገም ሌላ መልስ የለውም፣ ሲያጠቁትም አባቱ (ጸሐፊው) ካልደረሰለት ራሱን አይከላከልም። በፕሌቶ ስም የደረሰን ሰባተኛው ደብዳቤማ ጭራሽ በዋናው ጉዳይ ላይ የጻፍኩት የለም፣ አይኖርምም ይላል። ከዚህ በላይ ምን ይበላችሁ?

ነገረኛው፦ በሰባተኛው ደብዳቤ ላይ ቤት አትሥራ ወንድሜ። የፕሌቶ መሆኑ ራሱ ያጨቃጭቃል። ምሁራኑ ማይልስ በርኒየትና ማይክል ፍሬድ የሱ አይደለም ብለው የተከራከሩበት ሴሚናር በ2015 መጽሐፍ ሆኖ ወጥቷል። ፋይድሮስም ቢሆን ጽሑፍን የሚያማው በጽሑፍ ነው፣ እሱን ምን ልታደርገው ነው?

ቀበና ሰፈር፦ እሺ ደብዳቤውን ተወው። አርስቶትልስ? ሃያ ዓመት ገደማ በፕሌቶ ትምህርት ቤት፣ አካዳሚው ውስጥ የኖረ ሰው ነው። ፊዚክስ በሚባለው ሥራው ፕሌቶ ቲማዮስ በሚባለው ምልልስ ላይ ያለው «ያልተጻፉ በሚባሉት ትምህርቶች» ካለው ይለያል ይላል። ሜታፊዚክስ ላይ ደግሞ ሁሉን ነገር ከሁለት መሠረቶች፣ ከ«አንዱ» እና ከ«ትልቅና ትንሹ» ያስነሳ ነበር ይለናል። ይህንን ከምልልሶቹ መካከል በዚሁ መልክ አውጥተህ አሳየኝ።

ጋሼ አንባቢ፦ ልጆች፣ አሜሪካዊውን ምሁር ሃሮልድ ቼርኒስን ዘለላችሁት። በ1945 ባወጣው ሥራ አርስቶትል ምልልሶቹን እየተረጎመ፣ አንዳንዴም እያጣመመ ነው እንጂ የተለየ የቃል ትምህርት አላቀበለንም ብሎ ተሟግቷል። እኔ እስከዚያ ድረስ አልሄድም፣ አርስቶትል «ያልተጻፉ» ያለው ዝም ብሎ አይመስለኝም። ግን የአርስቶትል ተማሪ አሪስቶክሴኖስ የሚተርከውን እዩ። ፕሌቶ ስለ በጎው ንግግር ሊያደርግ ነው ሲባል ሰዉ ስለ ሀብት፣ ስለ ጤና ልሰማ ነው ብሎ ይመጣል። የሚሰማው ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪና ኮከብ ይሆናል። ግማሹ ናቀው፣ ግማሹ ነቀፈው። እንግዲህ ምንም ያልገባው ሰው ሁሉ የታደመበትን ምን ዓይነት ምስጢር እንለዋለን?

ቀበና ሰፈር፦ ጋሼ፣ እኔ ተቆልፎበታል አላልኩም። ላልተዘጋጀ ሰው ጽሑፉ አይበቃም ነው የምለው። ሰዎቹ መናቃቸው እኮ ይህንኑ ነው የሚያሳየው።

ነገረኛው፦ ችግሩ ሁላችሁም ከምልልሱ «ትምህርት» ጨምቃችሁ ማውጣት ትፈልጋላችሁ። የሃያኛው ክፍለ ዘመን ፈላስፋ ካርል ፖፐርም ያው ነው፣ ሪፐብሊክ በሚባለው ምልልስ ውስጥ ሶቅራጥስ የተናገረውን እንደ ፓርቲ ፕሮግራም አነበበና ፕሌቶን የአምባገነኖች አባት አደረገው። ጀርመናዊው ሽላየርማኸር በ1804 መታተም በጀመረው የፕሌቶ ትርጉሙ መግቢያ ላይ የነገሩን ቅርጽና ይዘት አትለያዩ ብሎ ነበር፣ የሰማው ጥቂት ነው። ፋይዶን የሚባለውን ምልልስ ተመልከቱ። ሶቅራጥስ በሞተ ቀን እስር ቤት የነበሩት በስም ይቆጠራሉ፣ ከዚያ «ፕሌቶ ታሞ ነበር መሰለኝ» ይባላል። መሰለኝ! ደራሲው እኮ ራሱን ነው ከክፍሉ ያስወጣው። ፓርሜኒደስ በሚባለው ምልልስ ላይ ደግሞ ሽማግሌው ፈላስፋ ፓርሜኒደስ ገና ወጣት የሆነውን ሶቅራጥስ ስለ ቅርጾች (የምናያቸው ነገሮች ስለሚመስሏቸው የማይለወጡ አብነቶች) ባለው ሐሳብ መውጫ መግቢያ ያሳጣዋል። በገዛ ሐሳቡ ላይ እንዲህ ያለ ጠንካራ መቃወሚያ ጽፎ የሚበትን ሰው ምኑን ደበቀ?

ጋሼ አንባቢ፦ በዚህ እስማማለሁ። አንጋረ ፈላስፋ በሚባለው የግዕዝ የጥበብ አባባሎች መጽሐፍ ውስጥ የምናገኘው አፍላጦንም (ያው ፕሌቶ) ምክር ብቻ ነው የሚሰጠው፣ የሚሞግተው የለም። በዓረብኛ በኩል እስኪደርሰን ጠያቂው ጠፍቶ አባባሉ ቀረ።

ጀማሪ ነኝ፦ ይቅርታ ላቋርጣችሁ። አንድም አላነበብኩም። በየቱ ልጀምር?

ጋሼ አንባቢ፦ በሜኖን ጀምሪ ልጄ። ሶቅራጥስ መሬት ላይ ጎኑ ሁለት ጫማ የሆነ እኩል ጎን ያለው አራት ማዕዘን ይስልና አንዱን አገልጋይ ልጅ ስፋቱን እጥፍ አድርግ ይለዋል። ልጁ ጎኑን እጥፍ ሲያደርገው ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆንበታል። ጎኑ ሦስት ጫማ ነው ይላል፣ አሁንም ይስታል። መልሱ በሰያፉ (ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን በሚሰመረው መስመር) በኩል ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሽ አብረሽ ሳዪ።

ቀበና ሰፈር፦ ጥሩ ምርጫ ነው። ነገረኛው፣ አንተ ግን አርስቶትልን ዘለህ አለፍክ። «አንዱ» እና «ትልቅና ትንሹ» የት ምልልስ ላይ ነው ያሉት? እየጠበቅኩ ነው።