የመጀመሪያ ህክምና እርዳታ በተግባር ሐዋሳ ውስጥ የት ነው ሚሰጠው? (ባጃጅ ነው ምሰራው)

ባጃጁ_ዘሐዋሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሐዋሳ ባጃጅ ነው ምሰራው፣ ብዙ ጊዜ ከአቶቴ ወደ ፒያሳ። እንደምታውቁት መንገድ ላይ ሰው ሲወድቅ፣ ሲጋጭ፣ ምጥ ሲይዛት መጀመሪያ ሚጠራው ባጃጅ ነው፣ አምቡላንስ ተደውሎ እስኪመጣ ማንም አይጠብቅም፣ ተሸክመው ከኋላ ይጭኑልሃል "ሪፈራል ንዳው" ይሉሃል በቃ። ባለፈው አንድ ልጅ የሚጥል በሽታ ተነስቶበት አስፋልት ዳር ወደቀ፣ ሰው ከቦት ግማሹ ክብሪት እየለኮሰ ያሸተዋል፣ ግማሹ ማንኪያ አምጡ ጥርሱን እንክፈተው ይላል፣ አንድ እናት ደግሞ አረፋው እንዳይነካችሁ ይጋባል እያሉ ይጮሃሉ፣ የቱ ትክክል እንደሆነ በእርግጠኝነት ሚናገር አንድ ሰው ጠፋ። ልጁ ኋላ ራሱ ነቃ፣ ተመስገን። እኔ ግን ከዛ ወዲህ ውስጤ አላረፈም። መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ክፍል ውስጥ ትንሽ ነገር ነግረውናል፣ በእጃችን የሰራነው ነገር ግን የለም። ሁለት ነገር ነው ምጠይቀው፣ አንደኛ በተግባር ሚያስተምር የት አለ፣ ሁለተኛ እስከዛው ቢያንስ ማረግ የሌለብኝን ንገሩኝ። ዩቲዩብ እይ አትበሉኝ አይቻለሁ፣ አምቡላንስ በደቂቃ ለሚደርስለት ሰው ነው ሚያወሩት።

ሲስተር_ተረኛ፦
ተባረክ ወንድሜ። ድንገተኛ ክፍል ነው ምሰራው፣ በባጃጅ ተይዞ ሚመጣልን በሽተኛ ብዙ ስለሆነ ይሄን ጥያቄ ባጃጅ ነጂ ሲጠይቅ ማየት ከልቤ ነው ደስ ያለኝ።

ከሚጥል በሽታው ልጀምር። ክብሪቱም ማንኪያውም ይቅር። የክብሪት ጭስ መንቀጥቀጡን አያቆምም፣ እየተንፈራገጠ ያለ ሰው አፍንጫ ስር እሳት መለኮስ ትርፉ ማቃጠል ነው። አፉ ውስጥ ምንም አይገባም፣ ጥርስ ይሰበርና ስባሪው ወደ አየር ቧንቧ ይገባል፣ ምላሱን ይውጣል ሚባለውም ውሸት ነው። አረፋው ደግሞ ምራቅ ነው፣ በሽታው ከአንጎል ሚነሳ እንጂ ከሰው ወደ ሰው ሚተላለፍ አይደለም፣ እባካችሁ ይሄን ለሰፈር ሰው ሁሉ ንገሩ፣ አረፋው ይጋባል ተብሎ ሰው እሳት ላይ ወድቆ እንኳን ሚያነሳው ያጣል። አንተ ምታረገው መኪና እንዳይገጨው ቦታውን መከለል፣ ጃኬትህን አጥፈህ ከራሱ ስር ማድረግ፣ እጅ እግሩን ጨምድዶ አለመያዝ፣ ሰዓት ማየት። ሲያቆም በጎኑ አስተኛው። 5 ደቂቃ ካለፈው፣ ሳይነቃ ድጋሚ ከጀመረው፣ ወይ ነፍሰ ጡር ከሆነች ቶሎ ሆስፒታል።

ደም ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ቆሞ ሊድን ሚችል ደም መንገድ ላይ ፈሶ ያልቃል። ጓንት ከሌለህ እጅህን ፌስታል ውስጥ ክተት። ንጹህ ነጠላ ወይ ሻሽ አጣጥፈህ ቁስሉ ላይ አድርግና በመዳፍህ፣ ክንድህን ቀጥ አርገህ፣ ክብደትህን ጭነህ ተጫን። ከዛ "ቆመ እንዴ" ብለህ ገለጥ አታርግ! ሰው ሁሉ ሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው፣ በገለጥክ ቁጥር ሊረጋ የጀመረውን ደም ትነቅለዋለህ። ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳትለቅ። ጨርቁ ከራሰ ከላዩ ሌላ ደርብ፣ የታችኛውን አታንሳ። የቡና ዱቄት አይነሰነስም። የተሰካ ብረት ወይ ጠርሙስ ካለ አይነቀልም፣ ዙሪያውን በጨርቅ ደግፈህ እንዳለ አምጣልን። የእጅ ወይ የእግር ደም እየፈነጠቀ በመጫን አልቆም ካለ ብቻ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለህ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ሰፋ ባለ ጨርቅ ደሙ እስኪቆም ጠበቅ አርገህ እሰር፣ ሽቦና ሲባጎ አይሆንም፣ የታሰረበትን ሰዓት ግንባሩ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍልን፣ አንተ አትፍታው።

ሌላው ውሃ። አደጋ የደረሰበት ሰው ሲባል ሁሉም ሃይላንድ ይዞ ይሮጣል። አታጠጡት። ራሱን ያላወቀ ሰው ውሃው ወደ ሳንባው ይገባል፣ ኦፕራሲዮን ሚያስፈልገውም ሆዱ ባዶ ቢሆን ነው ሚሻለው።

በጎፈቃደኛ_ነኝ፦
የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ ነኝ። ኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ስልጠና ይሰጣል፣ እዚሁ ሐዋሳ ያለው ቅርንጫፍ ሄደህ ጠይቅ፣ የአምቡላንሱ ቁጥር ደግሞ 907 ነው፣ ነጻ ጥሪ ነው፣ አሁኑኑ ስልክህ ላይ መዝግበው።

የስልጠናው ትልቁ ጥቅም ደረት መጫን ሚለመድበት የሰው ቅርጽ ያለው አሻንጉሊት ነው። ልቡ የቆመ አዋቂ ሰው ደረቱ መሃል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይጫናል፣ 30 ስትጫን 2 ትንፋሽ ትሰጣለህ። ይሄን ማንበብ ቀላል ነው፣ 5 ሳንቲ ሜትር ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ግን በእጅህ ካልሞከርከው አይገባህም፣ ሁሉም ሰው መጀመሪያ ላይ ፈርቶ እየዳሰሰ ነው ሚጫነው፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ላቡ ጠብ ይላል፣ ለዛ ነው ከጎንህ ያለውን ሰው ተካኝ ማለትም አብሮ ሚለመደው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ምለው፣ የተጋጨ ሰው ባጃጅ ላይ አትጫን። ከኋላ ተጣጥፎ ነው ሚቀመጠው፣ አንገቱ ወይ ወገቡ ተጎድቶ ከሆነ ለእድሜ ልክ ሽባ ልታረገው ትችላለህ።

ሲስተር_ተረኛ፦
ልክ ነህ፣ ግን ሁልጊዜ አይሆንም። አንገቴን ጀርባዬን ካለህ፣ እግሬ አይሰማኝም ካለህ፣ ወይ ከከፍታ ወድቆ ራሱን ከሳተ ባለበት ይቆይ፣ አንድ ሰው ራሱን በሁለት እጁ ግራና ቀኝ ይያዝለት፣ 907 ይደወል፣ የግድ መነሳት ካለበት ፒካፕ ተፈልጎ በጣውላ በአራት ሰው። ደሙ አልቆም ያለ፣ ወይ ምጥ የያዛት ሆና አምቡላንስ ከሌለ ግን ባጃጁም ይምጣ፣ አዳሬ ሆስፒታልም ሪፈራልም ቅርብ ነው። ከኋላ አንድ ሰው ቁስሉን እየተጫነ ይቀመጥ እንጂ ብቻውን ጭነህ አትብረር።

የሐይቁ_ልጅ፦
እኔ ፍቅር ሐይቅ ጋ ጀልባ ላይ ነው ምሰራው፣ የኛን ጨምሩበት። ሰው ሲሰምጥ ካየህ ዘለህ አትግባ፣ የሚሰምጥ ሰው ያገኘውን ነው ሚያንቀው፣ ሁለት ሬሳ ይሆናል። ባዶ ቢጫ ጀሪካን ክዳኑን ጥብቅ አርገህ በገመድ ወርውርለት፣ አዋቂ ሰው ያንሳፍፋል። ሲወጣ ደግሞ ዘቅዝቆ ማንጠልጠልና ሆዱን መርገጥ የድሮ ነገር ነው፣ ውሃው ሳይሆን ትውከቱ ነው ሚወጣው እሱንም መልሶ ይስበዋል። ማይተነፍስ ከሆነ እኛን ያስተማሩን መጀመሪያ 5 ትንፋሽ፣ ከዛ 30 ለ 2 እያሉ መቀጠል ነው፣ የሰመጠ ሰው ያጣው አየር ስለሆነ። ቢነቃም ደህና ነኝ ቢልም ሆስፒታል ይታይ።

የሁለት_እናት፦
ባጃጅ ባልነዳም ጥያቄው የሁላችንም ነው። ልጅ በጀበና ቡና ወይ በሚፈላ ወጥ ሲቃጠል ኮልጌት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አትቀቡ፣ 20 ደቂቃ ሙሉ ሚፈስ የቧንቧ ውሃ ብቻ፣ ውሃ ከጠፋ ከበርሜል በጆግ እየቀዱ ማፍሰስ። በረዶም አይሆንም። ቀለበትና አምባር ሳያብጥ ይውለቅ።
ሲስተር የአሳ አጥንት ሲሰነቀርስ እንጀራ ዋጥ ማለት ልክ ነው? እዚህ ከተማ ሁሌ ሚያጋጥም ነገር ነው።

ሲስተር_ተረኛ፦
አይደለም እህቴ፣ እንጀራው አጥንቱን ይበልጥ ይቀብረዋል፣ ሐኪም ይየው። ግን እሱና ትንታ ይለያያል። ማሳልና መናገር ከቻለ አሳስሉት፣ ጀርባውን አትምቱ። ድምጹ ከጠፋ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ጎንበስ አርጎ በትከሻዎቹ መሃል በመዳፍ 5 ጊዜ ጠንከር አርጎ መምታት፣ ካልወጣ ከኋላ አቅፎ ከእምብርት በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ፣ እያፈራረቁ። አንድ አመት ያልሞላው ህጻን ሆዱ አይጫንም! ክንድሽ ላይ በደረቱ ደፍተሽ ራሱን ዝቅ አርገሽ 5 ጊዜ ጀርባውን፣ ከዛ ገልብጠሽ በሁለት ጣት ደረቱ መሃል 5 ጊዜ።

ባጃጁ_ዘሐዋሳ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ሁሉንም ሰርዤ ሳይሆን አስቀምጬ ነው ያነበብኩት። አንድ የቀረኝ፣ ብዙ ጓደኞቼ አደጋ ሲያዩ ሚያልፉት ጨካኝ ሆነው ሳይሆን "አንተ ነህ የገጨኸው" መባልን ፈርተው ነው። ምን ልበላቸው?

በጎፈቃደኛ_ነኝ፦
ፍርሃታቸው ይገባኛል። ግን በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ እኮ ራስህን አደጋ ላይ ሳትጥል መርዳት እየቻልክ ሕይወቱ አደጋ ላይ ያለን ሰው ጥሎ መሄድን ነው ሚቀጣው። ከቻልክ ቦታውን በስልክህ ፎቶ አንሳ፣ ካየው ሰው የአንዱን ስልክ ተቀበል፣ ትራፊክ ካለ ንገረው፣ ሆስፒታል ስትደርስም ስምህን አስመዝግብ። ሸሽቶ ሚሄድ ነው ሚጠረጠረው።
ደግሞ ለብቻህ ከምትማር በማህበራችሁ በኩል ብትመጡ ይሻላል። ማህበሩ ደብዳቤ ይጻፍ፣ ስንት ሰው እንደሆናችሁና የሚመቻችሁን ሰዓት ይጥቀስ።

ባጃጁ_ዘሐዋሳ፦
እሺ፣ ነገ ጠዋት ተራ ስንይዝ ለሊቀመንበራችን አነሳለታለሁ። ጠዋትና ማታ ስራ ስለሚበዛ ከምሳ በኋላ ከሆነ ብዙ ሰው ይመጣል፣ ደብዳቤው ላይ እንደዛ ብለን እንጻፍ?

በጎፈቃደኛ_ነኝ፦
እንደዛ ጻፉት። ማህተም እንዳትረሱ።