ስዊዘርላንድ ለ6 ቀን፦ ትራቭል ፓስ ወይስ ሃፍ ፌር ካርድ?

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ከ5 እና ከ9 ዓመት ልጆቻችን ጋር፣ በፈረንጆቹ ጁን አጋማሽ ያለ አስጎብኚ ስዊዘርላንድን በባቡር ልንዞር ነው። ከዙሪክ ተነስተን 2 ሌሊት ሉሰርን፣ 3 ሌሊት ኢንተርላከን እናድራለን። ሪጊ ተራራ፣ የቱንና የብሪየንዝ ሐይቆች ጀልባ፣ ለበረዶው ደግሞ 3,454 ሜትር ላይ ያለው ዩንግፍራውዮሕ እቅዱ ውስጥ አሉ።

የልጆቹ ቀላል ነው፤ ትንሿ ገና 6 ስላልሞላት አትከፍልም፣ ትልቁን ነጻው የቤተሰብ ካርድ ይሸፍነዋል። የተቸገርኩት በእኛ በሁለታችን ቲኬት ነው። የ6 ቀን ትራቭል ፓስ ባቡሩን፣ ጀልባውንና ሪጊን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ ወደ ዩንግፍራውዮሕ ግን ከግሪንደልቫልድ ወይም ከቬንገን መንደር በላይ 25 በመቶ ብቻ ነው የሚቀንሰው። ሃፍ ፌር እስከ ጫፉ ድረስ ግማሹን ይቀንሳል፣ ነገር ግን የእያንዳንዱን ጉዞ ቀሪ ግማሽ ለየብቻ መክፈል አለ። ሁለቱንም ደምሬ አየሁ፤ ዩንግፍራውዮሕ ሲገባና ሲወጣ ውጤቱ ይለያያል። ጫፉ በደመና ከተሸፈነ ያ ሁሉ ገንዘብ ጭጋግ ለማየት ስለሚወጣ ቲኬቱን አስቀድሜ አልገዛም፤ ጠዋት የተራራውን ካሜራ አይቼ ነው የምወስነው። ከደመነ ቀኑን ሐይቅ ላይ እንውላለን።

ዩንግፍራውዮሕ ሊቀርም እንደሚችል ታስቦ፣ ለሁለታችን የትኛውን ካርድ ብንገዛ ይሻላል?