ጥቁሩ ግራጫ የሚሆነው በፕሮጀክተሩ ነው ወይስ በክፍሉ?

ልደታ_ሦስተኛ_ፎቅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሳሎኑ 4.2 በ3.2 ሜትር፣ ግድግዳውም ኮርኒሱም ነጣ ያለ ክሬም። 100 ኢንች ምስል እፈልጋለሁ። ከሁለት ፕሮጀክተሮች አንዱን ልገዛ ነው፦ «1080ፒ ይደግፋል፣ 9000 ሉመን» (ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) የተባለ አዲስ ትንሽዬ፣ ወይም ያገለገለ ባለ ሦስት ኤልሲዲ (ብርሃኑን በሦስት ትንንሽ የፈሳሽ ክሪስታል ፓነሎች የሚያሳልፍ)፣ 1920×1080፣ 2000 ሉመን። ትንሹን ሲያበሩልኝ ጽሑፉ ደብዛዛ፣ ጥቁሩ ግራጫ ነው። «ዲኤልፒ ካልሆነ አትግዛ» (ምስሉን በጥቃቅን መስተዋቶች ቺፕ የሚሠራውን ማለታቸው ነው) የሚሉኝም አሉ። እስቲ ምከሩኝ።

ፒክሰል_ቆጣሪ፦
«ይደግፋል» ማለት ሲግናሉን ይቀበላል ማለት ብቻ ነው። የውስጡ ፓነል (ምስሉን የሚሠራው ክፍል) 1280×720 ወይም 800×480 ሊሆን ይችላል። 800×480 ማለት 384,000 ፒክሰል ነው፤ እውነተኛው 1080ፒ (1920×1080) ግን 2,073,600 አለው። ላፕቶፑ 1920×1080 ብሎ ቢጽፍም አትመን፣ የሚያነበው መሣሪያው የነገረውን ነው። ይልቅ አንድ ፒክሰል ጥቁር አንድ ፒክሰል ነጭ እየተፈራረቀ የተሰመረበት ምስል በ1920×1080 ልክ፣ ሳታሳድግና ሳታሳንስ ክፈት፤ ኪስቶኑን (የተጣመመ ምስል የሚያቃናውን ማስተካከያ) ዜሮ አድርገው። መስመሮቹ ተለያይተው ከታዩ ልክ ነው። ወደ ግራጫ ከተዋሃዱ ወይም እንደ ማዕበል ከሞገዱ ፓነሉ ያንሳል።

«አንሲ» ወይም «አይኤስኦ» (የታወቁ የመለኪያ ደረጃዎች ናቸው) ያልተባለ ሉመንን እርሳው። 100 ኢንች ማለት 2.21 በ1.25 ሜትር ነው። የሲኒማ ቤት መለኪያ የሆነውን 48 ኒት (ኒት የስክሪን ድምቀት መለኪያ ነው) ለማግኘት በጨለማ ክፍል፣ በተራ ነጭ ስክሪን፣ 420 ሉመን ገደማ ይበቃሃል። ያገለገለው አምፖሉ ግማሽ ቢደክምም ይተርፍሃል።

ጨለማ_ወዳድ፦
ፕሮጀክተር ጥቁር አይረጭም። ጥቁር የምትለው ብርሃን ያልደረሰበት ግድግዳህ ነው። ክሬም ኮርኒስና ግድግዳ የምስሉን ብርሃን መልሰው ስክሪኑ ላይ ይደፉታል፤ የቱንም ቺፕ ብትገዛ ይኸው ነው። ስለዚህ ገንዘብህን መጀመሪያ ክፍሉ ላይ አውጣ፦ ወፍራም ጥቁር መጋረጃ፣ ከዚያ ከስክሪኑ ጀምሮ አንድ ሜትር ያህል ኮርኒሱንና የጎን ግድግዳውን በማያብለጨልጭ ጥቁር ግራጫ ቀለም መቀባት። አከራይ ካልፈቀደ ጥቁር ጨርቅ ስቀል።

ዲኤልፒ የሚሉህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ አቧራ ብዙም አይገባበትም፣ የነጠላ ፒክሰሉም ጠርዝ ስል ነው። ነገር ግን ባለ አንድ ቺፑ ቀለማቱን፣ ብዙ ጊዜ በሚሽከረከር ጎማ፣ በየተራ ስለሚያወጣ አንዳንድ ዓይን ቀስተ ደመና ያያል። ጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ አስከፍትና ዓይንህን ከግራ ቀኝ ቶሎ ቶሎ አመላልስ። ቀይና አረንጓዴ ብልጭታ ካየህ ተወው፣ በኋላ ላይለመድ ይችላል።

ቆጣሪ_ሥር፦
ማንም ያላነሳው ነገር፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት በደንብ አያወጣም። ብዙ ፕሮጀክተሮች ከ1500 ሜትር በላይ የሚበራ «ሃይ አልቲቲውድ» የሚል ማስተካከያ ሜኑአቸው ውስጥ አለ። አብራው። ማራገቢያው ይጮኻል፣ ግን ካልበራ አምፖሉ ከመጠን በላይ ሊግል፣ መሣሪያውም በፊልም መሃል ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። መብራት ድንገት ሲሄድ ደግሞ ማራገቢያው የጋለውን አምፖል ሳያቀዘቅዝ ይቆማል፤ 1000 ቪኤ (የአቅም መለኪያ) ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ፣ አድርግለት። ዩፒኤሱ ፊልሙን ለመጨረስ ሳይሆን በሥርዓት ለማጥፋት ነው።

ልደታ_ሦስተኛ_ፎቅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ያገለገለውን ስፈትሽ ምን ልይ?

ፒክሰል_ቆጣሪ፦
ጨለማ ክፍል ውስጥ ሙሉ ጥቁር ምስል ክፈት፤ ደብዛዛ ባለ ቀለም ክብ ነጥብ ካለ ፓነሉ ላይ አቧራ ተቀምጧል። ቀጥሎ ሙሉ ነጭ፤ ጥግ ላይ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ጥላ ካለ ፖላራይዘሩ (ብርሃኑን የሚያጣራው ስስ ገጽ) ተቃጥሏል፣ ዋጋ አስቀንስ ሳይሆን ጥለህ ውጣ። የአምፖሉ ሰዓት ከሜኑ ወደ ዜሮ ስለሚመለስ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የአየር ማጣሪያውን አውጥተህ እይ፤ በአቧራ ከተደፈነ ባለቤቱ እንዴት እንደያዘው ይነግርሃል። ሌንስ ሺፍት (ሌንሱን አንሸራትቶ ምስሉን የሚያዛውር ማስተካከያ) ካለው ምስሉን በሱ አስተካክል፤ ኪስቶን ፒክሰል እየቆረጠ ስለሆነ ቀጥ የሚያደርገው ጥራቱ ይወርዳል።