ለኬጂ ልጅ የሒሳብ አስጠኚ ያስፈልጋል ወይ?

እናት ከካሰል፦
ሰላም የሐዋሳ ልጆች። ልጄ አምስት ዓመት ተኩል ሆኗታል። ሐዋሳ ከእናቴ ጋር ነው ያለችው፤ ወደዚህ ጀርመን የምትመጣበት ቪዛ በሂደት ላይ ነው። ሰሞኑን ወንድሜ ደወለና «መምህሯ ሒሳብ ላይ ደከም ትላለች ብላለች፤ አስጠኚ እንቅጠርላት፤ ወር ወር ትንሽ ጨምሪ» አለኝ።

እኔን ግራ የገባኝ፣ በቪዲዮ ስንደዋወል ልጅቷ ከዋን እስከ ሀንድረድ ትንፋሽ ሳትወስድ ታንበለብለዋለች። ባለፈው ግን እናቴ ቡና ስታፈላ «ስድስት ስኒ አምጪልኝ» ብላ ላከቻት። ያገኘችውን አፍሳ መጣች። ረከቦቱ ላይ ዘጠኝ ስኒ ተደረደረ። እናቴ ሳቀች፤ እኔን ግን ጭንቅ ያዘኝ። እዚህ ስትመጣ አንደኛ ክፍል መግቢያዋ ነው። ለአስጠኚው ልላክ? ወይስ እናቴ ቤት ውስጥ ልታስተምራት ትችላለች?

መምህርት ከአቶቴ፦
እህቴ፣ አይዞሽ። እኔ እዚሁ ሐዋሳ ኬጂ ነው የማስተምረው። እስከ መቶ መውረድ መዝሙር ነው፤ መቁጠር ሌላ ነገር ነው። የሚቆጥር ልጅ አንድ ዕቃ ሲነካ አንድ ቁጥር ብቻ ይጠራል፤ አይዘልም፣ አይደግምም። ቁጥሮቹን ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ይጠራል። ዋናው ግን መጨረሻ ላይ የጠራው ቁጥር የጠቅላላው ብዛት መሆኑን ማወቁ ነው። ጌልማንና ጋሊስቴል የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ያስቀመጡት ነው፤ እኔ ግን ክፍል ውስጥ በየቀኑ የማየው ነገር ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። አምስት ባቄላ አስቆጥሯትና «ስንት ሆነ?» በሏት። «አምስት» ካለች ገብቷታል። እንደገና ከአንድ ከጀመረች ገና ናት። ሌላው «ስጪኝ» ማለት ነው። እናትሽ በስኒው ያደረጉት እሱን ነው! ልጆች መጀመሪያ «አንድ» ሲባሉ ብቻ በትክክል ይሰጣሉ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ያፍሳሉ። ቆይቶ ሁለት ይገባቸዋል፣ ቆይቶ ሦስት። ሦስትን ወይም አራትን ካለፉ በኋላ የቀረው ባንዴ ይበራላቸዋል። ይህን ደግሞ ካረን ዊን የምትባል ተመራማሪ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሳይታለች።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ነው የምትቆጥረው፤ እናትሽ የጠየቋት በአማርኛ ነው። በሁለቱም ሞክሯት።

እናት ከካሰል፦
ሞከርናት። ወንድሜ «ሲክስ» ብሎ ጠየቃት፤ አሁንም አፈሰች። በአማርኛ ግን እስከ አራት አንድም አልሳተችም። ከጎረቤት ልጆች ጋር ቅልብልቦሽ ስትጫወት ደግሞ በሲዳሙ አፎ «ሚቴ፣ ላሜ፣ ሳሴ» ትላለች። አሁን ጀርመንኛ ሊጨመር ነው። አላበዛንባትም?

መምህርት ከአቶቴ፦
አላበዛችሁም። አራት ምን ያህል እንደሆነ በአማርኛ ከገባት በሌላው የምትማረው ስሙን ብቻ ነው። አሁን አምስትና ስድስትን ያዙላት፤ መቶውን ተዉት። እናትሽ በደንብ ይችላሉ። ስኒ ስትደረድር «ለእያንዳንዱ ሰው አንድ» ይበሏት። ሦስት ስኒ ካለ «አንድ ብጨምርስ?» ይበሏት፤ ሳትቆጥር ትገምት፣ ከዚያ ቆጥራ ታረጋግጥ። ገበጣ ካለ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። በየጉድጓዱ አንድ አንድ ጠጠር መጣል እኮ ራሱ ትምህርቱ ነው።

አስጠኚ የምትቀጥሩ ከሆነ መጀመሪያ ምን እንደሚያሠራት ጠይቁ። ብዙዎቹ ደብተር ሙሉ ከ1 እስከ 100 ያስጽፋሉ። ወላጅ ደብተሩ ሞልቶ ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ልጁ ግን ስድስት ስኒ ማምጣት አይችልም።

ጋሽ ፍራንክፈርት፦
የዚህን አገር ሥርዓት እኔ ላስረዳሽ፤ ልጆቼን እዚሁ ነው ያስተማርኩት። ልጅ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት የጤና ቢሮው ይመረምረዋል። ሹልአይንጋንግስኡንተርዙኹንግ ይሉታል። ስሙ ያስፈራል እንጂ የሚታለፍበትና የሚወደቅበት ፈተና አይደለም። ዓይንና ጆሮ ያያሉ፣ እንቅስቃሴና ንግግር ያያሉ፣ ስለ ብዛትም ትንሽ ይጠይቃሉ። ስኒው አያስጨንቅሽ።

የሚያስጨንቀው ወረቀቱ ነው። ትምህርት ግዴታ የሚሆነው ልጁ እስከተወሰነ ቀን ድረስ ስድስት ዓመት ሲሞላው ነው፤ ቀኑ በየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። በርሊን ሴፕቴምበር 30 ነው፣ ሌላ ቦታ ቀደም ይላል። ስለዚህ የልደት ሰርተፊኬቷ ላይ በእኛ አቆጣጠርና በፈረንጅ የተጻፉት ቀኖች መግጠማቸውን ዛሬውኑ አረጋግጪ። መስከረም 1ን ጃንዋሪ 1 ብሎ የተረጎመ ሰነድ በዓይኔ አይቻለሁ። ጣጣው አይነሳ።

ከሃያ በላይ ስትደርስ ደግሞ ትንሽ ትደናገራለች፤ ጀርመኖች ሲጠሩ የአንድ ቤቱን ከአሥር ቤቱ ያስቀድማሉ። 24 ሲባል 42 የሚጽፍ የጀርመን ልጅ ሞልቷል፤ ስለዚህ እሷ ብቻ አትሆንም።

የአሞራ ገደል ልጅ፦
እኔማ መቁጠር የተማርኩት አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የሐዋሳ ዓሣ ገበያ ነው። አባቴ ቆሮሶ ዓሣውን ለነጋዴ እየቆጠረ ሲያስረክብ ከጎኑ ቆሜ አብሬ እቆጥር ነበር። ሲሳሳት ዝም እንድል በዓይኑ ይጠቅሰኛል። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ዙሪያችንን ከብበው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። አሁን ኦስሎ ላይ ዓሣ የምገዛው በፕላስቲክ ታሽጎ ነው፤ ጭንቅላቱ እንኳ የለም። ውይ ሐዋሳ!

ዋሽንግተን፦
ይቅርታ፣ ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ለኬጂ ልጅ አስጠኚ የሚባል ነገር ከየት መጣ? አስጠኚው ራሱ ወንድምሽ እንዳይሆን። እነሱ ዶላር እንደ ቅጠል የምንሸመጥጥ ይመስላቸዋል።

ፒያሳ ሐዋሳ፦
ወንድሜ፣ የማታውቀውን ሰው አትዝለፍ። ብሩ ሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ ከተለቀቀ ወዲህ እዚህ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከመቶ አለፈ። የትምህርት ቤት ክፍያው፣ ዘይቱ፣ ባጃጁ ተከትሎ ወጣ። ደመወዝ ግን እግሩ አጭር ነው። ልጅቷን ትምህርት ቤት የሚያመላልሳት እኮ ያው አጎቷ ነው።

ዋሽንግተን፦
ዶላሩ እጥፍ ሲሆን የምንልከው ብርም እጥፍ ሆኗል እኮ! ድሮም «ጨምር»፣ አሁንም «ጨምር»። እኔ እዚህ ሁለት ሥራ ነው የምሠራው።

ፒያሳ ሐዋሳ፦
እጥፉ ጤፍ ላይ ያልቃል። ለመሆኑ አንተ በባንክ ነው የምትልከው ወይስ በጥቁር ገበያ?

ጋሽ ፍራንክፈርት፦
ልጆች፣ ተዉ እንጂ። እህታችሁ የጠየቀችው ስለ ልጅ ነው።

እናት ከካሰል፦
አመሰግናለሁ ጋሼ። ሰርተፊኬቱን አየሁት፤ ቀኖቹ ይገጥማሉ። የአስጠኚውን ነገር ከወንድሜ ጋር ገና አልጨረስንም። መምህርት፣ የተጠረበ ገበጣ የሚሸጥ ካየሽ ጠቁሚኝ። እናቴ ግቢው ውስጥ መሬት ቆፍራ ጀምራላት ነበር፤ ዝናብ ሞላው።

ፒያሳ ሐዋሳ፦
ገበጣውን እኔ አፈላልግልሻለሁ እህቴ፤ ዋጋውንም ጠይቄ እነግርሻለሁ። የዋሽንግተኑ ግን ጥያቄዬን አልመለሰም። በባንክ ነው ወይስ በጥቁር ገበያ?

ዋሽንግተን፦
አንተ ምን አገባህ?