የድሮ ቢትኮይን ዋሌት ለመክፈት የቱ ይሻላል? ጥቆማ

ድሮና_ዘንድሮ፦ ሰላም ቤተሰብ። በፈረንጆቹ 2013 የሠራሁት የቢትኮይን ኮር ፕሮግራም «ዋሌት ዶት ዳት» ፋይል (የዲጂታል ገንዘቤ ቁልፎች ያሉበት) ከአሮጌ ላፕቶፔ ላይ ተገኘ። ፓስወርዱን በከፊል አስታውሳለሁ። የእናቴ ስም አለበት፣ ከኋላው ቁጥር። በኮማንድ ላይን (ትዕዛዝ በመጻፍ) የሚሠራ ነገር ጠቁሙኝ፣ ፓይዋሌት ወይስ ቢቲሲሪከቨር?

ተርሚናል_ብቻ፦ ፓይዋሌት ፓስወርዱን ለሚያውቅ ሰው ነው፣ ቁልፎቹን አውጥቶ ያሳይሃል እንጂ አይገምትልህም። ላንተ ቢቲሲሪከቨር። የምታስታውሳቸውን ቁርጥራጮች ፋይል ላይ ትጽፍለታለህ፣ እሱ እያገጣጠመ ይሞክራል።

ሰናይት_22፦ ኤሌክትረም የሚባለውን ሌላ የቢትኮይን ዋሌት አውርድ ባክህ፣ ምን ያደክምሃል።

ተርሚናል_ብቻ፦ ኤሌክትረም እኮ ዋሌት ዶት ዳት አይከፍትም።

ሰናይት_22፦ እኔን አስቸግሮኝ አያውቅም።

የተቃጠለ፦ ወንድሜ፣ ብቻ ላፕቶፑን ለጠጋኝ እንዳትሰጥ! እኔ ኪቦርድ ይቀየርልኝ ብዬ ሰጥቼ፣ ሰውየው ሃርድ ዲስኩን ፎርማት አድርጎት «ቫይረስ ነበረበት፣ አጸዳሁልህ» ብሎ የማጽጃ ጨምሮ አስከፈለኝ። የሰርጌ ፎቶ ሳይቀር ሄደ። ሚስቴ እስከዛሬ ታነሳብኛለች።

ቡና_በወተት፦ ለኪቦርድ ከሆነ መገናኛ አንድ ልጅ አለ፣ እጁ ወርቅ ነው። ስልኬን ሦስት ጊዜ ሠርቶልኛል።

የተቃጠለ፦ ያንኑ ስልክ?

ቡና_በወተት፦ አዎ፣ ምነው?

አሽሙረኛው፦ ሰውየው ቢትኮይን ላውጣ ብሎ መጣ፣ ኪቦርድ ቀይሮ ሊሄድ ነው።

ጎረቤት፦ እስቲ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። መጀመሪያ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገልብጥ፣ በግልባጩ ብቻ ሥራ፣ ኢንተርኔቱንም ንቀለው። «ላክልኝ ልክፈትልህ» ብሎ በውስጥ ለሚጽፍልህ ፋይሉን እንዳትሰጥ። ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ካለህ ሃሽካት የሚባለው ፓስወርድ ገማች ፕሮግራምም ይሠራል፣ ለዋሌት ዶት ዳት የምትመርጠው ሞዱ 11300 ነው። ለመሆኑ የእናትህን ስም በላቲን ነው በአማርኛ የጻፍከው?

ድሮና_ዘንድሮ፦ በአማርኛ። ፀሐይ።

ጎረቤት፦ በለው! በየትኛው ፀ? በየትኛው ሐ? ለእኛ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱ ሌላ ፊደል ነው። ሁለቱን ጸ ከነሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ብታባዛው ስሙ ብቻ 12 ዓይነት ይሆናል፣ ሁሉንም ጻፍለት። ደግሞ ቢቲሲሪከቨር ላይ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን አማራጭ ጨምር፣ አለዚያ ፊደላችንን አይቀበልህም።

ሰናይት_22፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ኤሌክትረም ላይ የለም።

ድሮና_ዘንድሮ፦ እናቴን ደውዬ ጠየቅኳት፣ «እንደመጣልኝ ነው የምጽፈው» አለች።

የተቃጠለ፦ ቆይ፣ ፎርማት የተደረገ ሃርድ ዲስክስ የሚመልስ አለ?

ቡና_በወተት፦ የመገናኛውን ልጅ ስልክ የፈለገ በውስጥ ያናግረኝ።